ተግባራዊ የድረ ገጽ ዲዛይን ኮርስ፦ ከተማሪው ምን እንጠብቅ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮሌጅ የድረ ገጽ ዲዛይን አስተምራለሁ። ኮርሱ 16 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 2 ሰዓት ክፍል፣ 4 ሰዓት ላብ (የኮምፒውተር ክፍል ሥራ)። ላቡ ውስጥ 24 ዴስክቶፕ አለ፣ ተማሪዎቹ 41 ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የማድል፣ ከተማሪው የሚጠበቀውን የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው። እስካሁን የጻፍኩት ይህ ነው፦ ከሦስት ላብ በላይ የቀረ የመጨረሻውን ፕሮጀክት አያቀርብም። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ (የገጹን ይዘትና መልክ የሚሠሩት ኮዶች) በእጅ ይጻፋል፤ ቡትስትራፕንና ወርድፕረስን የመሰለ ሥራውን የሚያቀል መሣሪያም ሆነ የተዘጋጀ ቴምፕሌት አይፈቀድም። ዓርብ ዓርብ አንድ ሥራ ይገባል፤ ለዘገየ በየቀኑ 10 በመቶ ይቀነሳል። የመጨረሻው ፕሮጀክት ቢያንስ 5 ገጽ ያለው፣ ለአንድ የሰፈር ሥራ፣ ለምሳሌ ለወርቅ ቤት፣ ለፎቶ ቤት ወይም ለማተሚያ ቤት የሚሆን ድረ ገጽ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ምን ጎደለ? ከጻፍኩትስ ፍትሐዊ ያልሆነው የቱ ነው?

ምላሾቹ

የውይይቱ ክር ረዝሟል። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ እንዳይቸገር የተባለውን በየተራ ቁጥሩ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ያልተስማማሁበትንም ሳልዘል።

ምላሽ 1፦ በአክብሮት ሰላምታ ጀምሮ በእጅ ይጻፍ የሚለውን ደገፈ። ጎደለ ያለው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራ ገባ የሚባለው መቼ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። በፍላሽ የመጣ ፎልደር መቀበል ይቅር፣ ተማሪው የሚያስረክበው በመምህሩ ስልክ ላይ የሚከፈት ሊንክ ይሁን ነው ሐሳቡ። ገጹ ከተሠራበት ኮምፒውተር እስካልወጣ ድረስ ፈጽሞ የማይታዩ ስህተቶች አሉ። ሥዕሉ ከሲ ድራይቭ ሙሉ አድራሻ ከተጠራ እዚያው ማሽን ላይ በደንብ ይታያል፣ ሌላ ቦታ የተሰበረ ሥዕል ምልክት ይሆናል። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ተጭኖ ከገጹ ጋር ካልተላከ የሰው ስልክ ባለው ፎንት ይተካዋል። ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያዘው የኮድ መስመር፣ የቪውፖርት ሜታ ታግ፣ ከተረሳ ደግሞ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ አጥብቦ ያሳየዋል፤ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ አንባቢው በሁለት ጣት እያሰፋ ይታገላል። ፕሮጀክተር ላይ ያማረ ሥራ ስልክ ላይ የሚወድቀው በአብዛኛው በነዚህ ነው። ይህን ሳላመነታ ወረቀቱ ላይ አስገብቻለሁ።

ምላሽ 2፦ ለመጀመሪያው ምላሽ ማሟያ ሆኖ ስለ ፋይል ስም ጻፈ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ድረ ገጾች የሚቀመጡባቸው ሰርቨሮች በብዛት የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ከስልክ የመጣ ፎቶ ኤክስቴንሽኑ (ከነጥቡ በኋላ ያለው የስሙ ጫፍ) በትልቁ ፊደል ሆኖ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ከተጻፈ፣ ላብ ውስጥ ይታያል፣ ሰርቨር ላይ ይጠፋል። ደንቡ ይህ ይሁን አለ፦ የፋይል ስም ሁሉ በትንሹ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ በቃላት መካከል ሰረዝ። ገጽን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣውን ጊትሃብ ፔጅስ ለሚጠቀሙም አከለ፤ የመነሻው ፋይል ስሙ ኢንዴክስ ሆኖ በዋናው ፎልደር ካልተቀመጠ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገጹ አልተገኘም የሚለው 404 ነው። የተላከው ለውጥ እስኪታይ እስከ 10 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ተማሪው አልሠራም ብሎ ደጋግሞ እንዳይልክ ይነገረው።

ምላሽ 3፦ አመሰገነ፤ ሜክሲኮ አካባቢ ላለ ኮሌጅ ይህንኑ ወረቀት ለመጠቀም ፈቃድ ጠየቀ። ይጠቀሙበት፣ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 4፦ የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ በጨዋ ቋንቋ። በየቀኑ 10 በመቶ መቀነስ ፍትሐዊ አይደለም አለ። ዓርብ ከሰዓት መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ቅጣቱ የሚወድቀው ላፕቶፕ በሌለው ተማሪ ላይ ነው፤ ላፕቶፕ ያለው ቤቱ ሄዶ ይጨርሳል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የኮድ ለውጥን በየደረጃው የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ ጊትን ነው። ኮሚት ለማድረግ፣ ማለትም የደረሱበትን ለመመዝገብ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ተማሪው በየ20 ደቂቃው ኮሚት ካደረገ መብራት ሲሄድ የሚጠፋበት ቢበዛ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። መምህሩም የመጨረሻውን ኮሚት ሰዓት አይቶ በጊዜው መጠናቀቁን ያውቃል፤ ሰኞ ቢላክም ችግር የለውም። ከዚህ ጋር የኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ላይ ኦቶ ሴቭ (ሥራውን በራሱ የሚያስቀምጠው) በመጀመሪያው ላብ ይብራ ብሏል።

ምላሽ 5፦ አራተኛውን አረመ፤ እርማቱ ትክክል ነው። የኮሚት ሰዓት የሚወሰደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የሚያስጠብቀው ባዮስ ባትሪው የሞተ ዴስክቶፕ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰዓቱን ሆን ብሎ ማስተካከልም ይቻላል። ስለዚህ የኮሚት ሰዓት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መብራት መጥፋቱን መምህሩ ራሱ መዝግቦ ለሁሉም እኩል ቀን ያራዝም። አያይዞ ያነሳው ነገር ለብዙ ላብ ይጠቅማል። ቀኑ የተዛባ ማሽን ላይ ብራውዘሩ የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አይደለም እያለ ጊትሃብን ጭምር አይከፍትም፤ ተማሪውም ኢንተርኔቱ ተበላሸ ይላል። መድኃኒቱ ባለ 3 ቮልት፣ ቁጥሩ 2032 የሆነው ክብ ባትሪ ነው። ኬዙን ከፍቶ ለመቀየር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

የ10 በመቶውን ቅጣት ከዚህ በኋላ አላልቼዋለሁ። ምክንያቱን ሳይናገር የዘገየ ተማሪ ብቻ ይቀነስበታል።

ምላሽ 6፦ ወደ ፍላሽ ቫይረስ ወሰደን። ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ላብ ውስጥ ከገባ 24ቱንም ማሽን ያዳርሳል። ተማሪው ሥራዬ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ከማድረጉ በፊት የተደበቁ ፋይሎችን ማሳየት የሚለውን ያብራ፤ ሥራው ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። ሾርትከቱን ግን ጠቅ አያድርግ።

ምላሽ 7፦ ከክሩ ሁሉ እኔን ያስተማረኝ ይህ ነው። የሰፈር ወርቅ ቤት ድረ ገጽ ይሠራል ብለው በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ አልተናገሩም አለኝ፤ እውነቱን ነው። ቢያንስ ግማሹ ገጽ በአማርኛ ይሁን ብሎ ዝርዝሩን ሰጠ። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በመክፈቻው ታግ ላይ ይገለጽ። ፊደሉ በየትኛው ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ ሥርዓት) እንደተቀመጠ የሚናገረው፣ ዩቲኤፍ-8 የሚለው ሜታ ታግ በፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መግባት አለበት፤ ረጅም ኮሜንት ከላዩ ከተደረደረ ብራውዘሩ ላያገኘው ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነጻ ፎንት ከገጹ ጋር ይላክ። የግዕዝ ፊደል ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የመስመር ክፍተት ያጨናንቀዋል፤ 1.6 እስከ 1.8 ያስፈልገዋል። ኢታሊክ ለአማርኛ አይሰጥ፤ ፎንቱ ውስጥ ስለሌለ ብራውዘሩ ፊደሉን ገፍቶ ያጋድመዋል፣ ሲነበብ ዓይን ይጎረብጣል። አጽንዖት በደማቅ ወይም በቀለም ይሁን። አራት ነጥብም በሁለት ሁለት ነጥብ ተገጣጥሞ አይሠራ፤ የራሱ ፊደል አለው። ገጹ ላይ ፍለጋ ሲደረግ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ምላሽ 8፦ ሰባተኛውን አመስግኖ አማርኛው ሲበላሽ ተማሪው ምክንያቱን ከመልኩ ማወቅ ይልመድ አለ። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ነው፤ ጽሑፉ ደኅና ነው። ጭረትና ነጥብ የበዛባቸው የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ከታዩ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ በሌላ ኢንኮዲንግ እየተነበበ ነው። ተራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከሆነ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ካልሆነው የድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት ተገልብጦ የመጣ ነው፤ በመቀየሪያ ወይም እንደገና በመጻፍ ካልሆነ አይድንም። ማተሚያ ቤት ለሚሠራ ቡድን ይህኛው መምጣቱ አይቀርም፤ የቆዩ ጽሑፎች እንዲያ የተተየቡ ናቸውና። ዳታቤዝ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ደግሞ የሠንጠረዡ ኢንኮዲንግ ግዕዝን የማያውቀው ላቲን 1 ነበር፤ ፊደሉ ሲገባ ጠፍቷል፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎ ነበር የሚነጋገሩት።

ምላሽ 9፦ አንተ ብሎ ጀመረ። በእጅ ጻፉ እያልክ 16 ሳምንት የምታባክነው ዕድሜያቸውን ነው አለኝ። ቀጣሪው የሚፈልገው በሦስት ቀን ወርድፕረስ የሚያቆም ሰው ነው። ኮዱንስ ቻትጂፒቲ ይጽፈው የለም ወይ? የሲኤስኤስ ትእዛዝ መሸምደድ የወረቀት ፈተና ናፍቆት ነው ሲል ደመደመ።

ምላሽ 10፦ በዚያው ቃና መለሰለት። ቴምፕሌት መጫን ሙያ ከሆነ ደንበኛው ራሱ ይጭነዋል። ሙያው የሚጀምረው ምናሌው ስልክ ላይ አልከፈት ሲል፣ ፕለጊን (ወርድፕረስ ላይ የሚጫን ማሟያ) ከፕለጊን ሲጋጭ ነው፤ ያኔ ኮድ ማንበብ ያልቻለ ሰው የደንበኛውን ገንዘብ ይመልስ። አነጋገሩ ከልክ አለፈ። የሰውየውን ችሎታ የነካችው ዓረፍተ ነገር እንድትነሳ ጠይቄ ተነስታለች።

ምላሽ 11፦ ክርክሩን ወደ ሥራ የመለሰው ይህ ነው። መሣሪያውን ከመከልከል ይልቅ መረዳቱን መለካት ይሻላል አለ። ፕሮጀክቱ ከ100 ነጥብ 60 ይያዝ፤ 40ው በፊት ለፊት ለውጥ ይሁን። ተማሪው ገጹን ከፍቶ ይቀመጣል፣ ከተጣጠፉ ወረቀቶች አንዱን ያወጣል፣ በ7 ደቂቃ ውስጥ የተጻፈውን ለውጥ ይሠራል። ለውጦቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፦ ሦስቱን ዓምዶች 360 ፒክስል ስፋት ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ማድረግ፤ ምናሌው ውስጥ አንድ መስመር መጨመርና በሁሉም ገጽ እንዲሠራ ማድረግ፤ ሁለት ሣጥኖች የተደራረቡበትን ምክንያት በብራውዘሩ መመርመሪያ ማግኘት። ኮዱን ማን እንደጻፈው ያኔ መጠየቅ አያስፈልግም። ከማሽን የመጣ ኮድ የሚታወቅበትንም ጠቁሟል። የሌሉ ሥዕሎችን ይጠራል፣ ሲኤስኤሱ ውስጥ የሌሉ የክላስ ስሞች ይበዙበታል፣ አማርኛ ገጽ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው የሚል ታግ ይቀራል።

ምላሽ 12፦ የዘጠነኛው ጸሐፊ ተመለሰ፤ ለዘብ ብሎ። የ7 ደቂቃውን ፈተና ተቀበለ። የሚለው ግን ወርድፕረስ ጨርሶ አይውጣ ነው፤ ከ13ኛው ሳምንት ጀምሮ ይግባ። እዚህ ላይ አሳምኖኛል። የገጹን ክፍሎች በሲኤስኤስ የሚደረድሩትን ፍሌክስቦክስና ግሪድን የተረዳ ተማሪ ቴምፕሌት ሲከፍት የሚያየውን ያውቃል። ገደቡን እስከ 12ኛው ሳምንት አሳጥሬዋለሁ።

ምላሽ 13፦ ስለ ፎቶ ክብደት፣ በስሌት። የስልክ ካሜራ ፎቶ 4 ሜጋባይት ያህል ነው። ወርቅ ቤቱ 6 ፎቶ ቢያሳይ 24 ሜጋባይት፤ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያወርድ ኔትወርክ 96 ሴኮንድ። ያን ያህል የሚጠብቅ ገዢ የለም፤ የሚበላውም የሰው ዳታ ነው። ፎቶው ወደ 1200 ፒክስል ስፋት ወርዶ በ75 ጥራት በዌብፒ ወይም በጄፔግ ሲቀመጥ አንዱ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። ስኩሽ የሚባለው መሣሪያ ብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ላብ ማሽን ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ የመነሻ ገጹ ጠቅላላ ክብደት ከ1 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ይጻፍ አለ። ጽፌዋለሁ። የብራውዘሩ መመርመሪያ፣ ዴቨሎፐር ቱልስ፣ ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ክፍል ቁጥሩን ስለሚያሳይ ተማሪው ከማስረከቡ በፊት ራሱ ይለካል።

ምላሽ 14፦ ለአሥራ ሦስተኛው ሁለት ማስተካከያ። ሥዕሉን በሲኤስኤስ ማሳነስ ባይቱን አይቀንስም፤ ተማሪዎች ይህን ያምታታሉ። ሌላው፣ የሥዕሉ ስፋትና ቁመት በታጉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሥዕሉ ሲደርስ ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል፣ ጣት ያልፈለገው ሊንክ ላይ ያርፋል።

ምላሽ 15፦ ቅጽ። ከውጭ የተቀዳ ቴምፕሌት የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እዚህ ሰው የሚጠራው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ሦስት ሳጥን ይሁን፣ ወይም አንድ ሰፊ ሳጥን ሙሉ ስም ተብሎ። ስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምራል ብሎ የሚያጣራ ቅጽ በ07 የሚጀምረውን ሁሉ ይመልሳል። በ251 ሲጀመር የሚከተለው 9 አኃዝ ነው፣ ዜሮው ይወድቃል። የሳጥኑ ዓይነት ቁጥር ተብሎ አይወሰን፤ የመደመር ምልክት አይቀበልም፣ ወደ ቁጥር ሲለወጥም የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ቴል የሚለው ዓይነት ለዚህ የተሠራ ነው።

ምላሽ 16፦ ከቅጹ ተነስቶ ወደ ዘመን አቆጣጠር ሄደ። የብራውዘሩ የቀን መምረጫ የፈረንጅ ነው። የትውልድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀበል ቅጽ የሚሠራ ተማሪ 13 ወር ያዘጋጃል፤ ጳጉሜን ሲመረጥ ቀኑ 5 ላይ ይቆማል። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከቀረው፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ እንደ 2015 እና 2019 ባለው፣ 6 ይሆናል። ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ውስጥ ያለው የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ግን ያሳያል እንጂ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አይመልስም፣ ያኛው ስሌት መጻፍ አለበት። የሥራ ሰዓትም አለ። በአማርኛው ገጽ ከጠዋቱ 2፡30 የሆነው በእንግሊዝኛው 8፡30 ነው፤ ጠዋት የሚለው ቃል ከተዘለለ ደንበኛው ከሰዓት በስምንት ተኩል ይመጣል።

ምላሽ 17፦ አጠር ያለ፣ የተቆጣ። ጥያቄው ከተማሪ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ባሕረ ሐሳብ ገባን አለ። ለ41 ተማሪ 24 ማሽን እንዴት እንደሚበቃ አንድም ሰው አልተናገረም፤ ቡድን ሲመሠረት አንዱ ሠርቶ አራቱ ይፈርማሉ። በቁጣው ልክ ባልቆጣም ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ምላሽ 18፦ መልሱን በቁጥር ሰጠ። 19 ጥንድና አንድ የሦስት ቡድን ሲሆን 20 ማሽን ይያዛል፣ 4 ለብልሽት ይቀራል። በጥንድ ውስጥ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው እያየ ይናገራል፤ በየ20 ደቂቃው ኪቦርዱ ይለወጣል። ሲለወጥ ኮሚት ይደረግ፣ የጊት ስሙም ተቀይሮ ይሁን፤ ካልተቀየረ ሁሉም ሥራ በአንዱ ስም ይመዘገባል። ከሦስት በላይ የሆነ ቡድን አይፈቀድ። የ7 ደቂቃው ፈተና ግን ለየብቻ ነው። ከምላሽ 4 የመጣው የ20 ደቂቃ ኮሚትም በዚህ ራሱ ይጠበቃል።

ምላሽ 19፦ ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች። የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ወርቅ ቤት የሚሠሩ ተማሪዎች ነጭ ላይ ወርቃማ መጻፍ ይወዳሉ፤ ሲኤስኤስ ውስጥ ጎልድ የሚባለው ቀለም ነጭ ላይ 1.4 ብቻ ነው፣ ፀሐይ ላይ በተያዘ ስልክ ጨርሶ አይነበብም። ወርቃማው ለጌጥ ይዋል፣ ጽሑፉ ይጥቆር። ገጹ ያለ ማውዝ በታብ ቁልፍ ብቻ ከመነሻ እስከ ትእዛዝ መላኪያው መሄድ መቻል አለበት። የሥዕል መግለጫም የፋይሉ ስም አይሁን፣ የሚታየውን ይናገር።

ምላሽ 20፦ የጻፈችው ተማሪ ናት፣ ንግግሯ ቀጥታ። ላፕቶፕ የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ዝርዝር ለእኔ አይደለም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ከ19 ምላሽ በኋላ ይህን የጠየቀችው ተማሪዋ ራሷ መሆኗ ከብዶኛል። መጀመሪያ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ምላሽ 21፦ መለሰላት። ምንም ሥራ ከላብ ውጭ ላፕቶፕ እንዳይጠይቅ ኮሌጁ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ከሰዓት ላቡን ክፍት ያድርግ፤ ይህ የተማሪው ሳይሆን የመምህሩ ግዴታ ሆኖ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። አንድሮይድ ላይ አኮድ የሚባል ነጻ የኮድ መጻፊያ አለ፤ ጽሑፍ ለማረምና ትንንሽ ስህተት ለማስተካከል ይበቃል፣ ሙሉ ገጽ ለመሥራት ግን ያደክማል። ለመቀመጫና ለጸጥታ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ላይ ቅርብ ነው። ላቡ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እንዲከፈት ጠይቄ ተፈቅዷል።

ምላሽ 22፦ ስልክ ያለው ያለ ምንም ዳታ ገጹን ስልኩ ላይ እንዴት እንደሚያይ አስረዳ። የስልኩ ሆትስፖት ይከፈታል፣ ዋይፋይ ያለው ኮምፒውተር በሱ ይያያዛል። ቪኤስ ኮድ ላይ ላይቭ ሰርቨር (ገጹን ከኮምፒውተሩ ለሌላ መሣሪያ የሚያቀርበው) ይነሳል፤ በሩ (ፖርት ቁጥሩ) ካልተቀየረ 5500 ነው። የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ ከኔትወርክ ሴቲንግ ይነበባል። ስልኩ ብራውዘር ላይ አይፒው፣ ሁለት ነጥብ፣ 5500 ተብሎ ይጻፋል፤ ገጹ ይከፈታል። መረጃው ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ብቻ ስለሚሄድ ከፓኬጁ አይቆርጥም፤ ኮምፒውተሩ ከበስተጀርባ ዝማኔ እንዳያወርድ ግን ግንኙነቱ ሚተርድ (ዳታው ተቆጥሮ የሚሰጥ) ይደረግ። ካልተከፈተ ብዙ ጊዜ የከለከለው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ ላይቭ ሰርቨር መጀመሪያ ሲነሳ የሚመጣውን ፈቃድ መጠየቂያ ተማሪው ሳያነብ ዘግቶት ይሆናል። የኛ ዴስክቶፖች ዋይፋይ ስለሌላቸው ስልኩ በዩኤስቢ ገመድ ተያይዞ ቴዘሪንግ (በገመድ የሚሠራ ሆትስፖት) ሲከፈት ያው ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ይሠራል፣ አይፒው ብቻ ይለወጣል አለ። የመጀመሪያውን ላብ በዚህ እጀምራለሁ፤ ገመድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።